ውሃው 92 ላይ ቆመ

አሮጌ መኪና ገዝታችሁ እንደኔ በየጋራዡ ለምትንከራተቱ፣ አምስት ወር የፈጀብኝን የሙቀት ጣጣ ላካፍላችሁ። መካኒክ አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይቺን የሙያዬን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ባለቤቴንና አማቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ስመለስ ጎሃ ጽዮንን አልፈን የአባይን በረሃ ወረድን፤ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ያዝን። ኮሮላዬ 1.3 ሊትር ሞተር ያላት፣ ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ በዕድሜ የምትበልጥ ናት። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ የሙቀት ጠቋሚዋ ሁልጊዜ የምትቆምበትን መሃል ለቅቃ ወደ ላይ ትሳብ ጀመር። ቀዩ ጋ ግን አልደረሰችም። «ገና ናት» እያልኩ ነዳሁ። ደጀን ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ቡልቅ አለ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ማዞር ጀመርኩ። ከኋላችን የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር «ተው አንተ ሰው! ፊትህን ልትገሸልጠው ነው?» ብሎ ሲጮህ ሩብ ዙር ያህል አዙሬው ነበር። ጠባሳው እጄ አንጓ ላይ አሁንም አለ። ጀሪካኑን ሳነሳም ከለከለኝ፦ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህበት ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ይሰነጠቃል፣ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ አለን። አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። አማቴ ዝንጀሮዎቹ ስንቃችንን እንዳይነጥቁን ዱላ ይዘው ሲጠብቁ እኔ እጄን እያራገብኩ ነበር። ሹፌሩ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ነገረኝ፤ ሌላ ጊዜ ጠቋሚዋ መነሳት ስትጀምር የመኪናውን ውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። እውነቱን ነው። በረሃ መሃል ማሞቂያ መክፈት ያስቃል፣ ግን ሁለት ጊዜ አውጥቶኛል።

ማርቆስ እንደገባሁ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ብዙም አላያትም። «ቴርሞስታቱን እናውጣው፤ እሱ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋ በር ነው። አወጣው፣ ከፈልኩ። ይህን ምክር ያልሰማ ባለመኪና ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አመንኩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጠቋሚዋ ከታች አልነሳ ትላለች፤ የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ ሳይሞቅ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ፣ ነዳጅ ትጠጣለች። ዳገት ላይ ደግሞ ከበፊቱ ፈጥና ትሞቃለች። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንደኔዋ ያሉ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታት በር ብቻ አይደለም። ከታቹ ሌላ ትንሽ ሰሃን አለችው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ዋናው በር ወደ ራዲያተር ይከፈታል፣ ያቺ ሰሃን ደግሞ ራዲያተሩን ዘልሎ ተመልሶ ሞተር የሚገባውን አቋራጭ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱን ስታወጡት አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ውሃ መቼም ቀላሉን መንገድ ይወዳል፤ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ማለትም ለማቀዝቀዝ ብዬ ያስወጣሁት ዕቃ በዳገት ላይ የሚያስፈልገኝ እሱ ራሱ ነበር።

ቀጥሎ ሌላ ሰው የውሃ ፓምፕ ቀይር አለኝ፣ ሌላው ቴስታታ ይወረድ አለ። የኋለኛው እንቅልፍ ነሳኝ። ያኔ ነው ማንንም ከመስማቴ በፊት ደብተር ልያዝ ያልኩት፤ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ነገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መቼ እንደምትሞቅ ብቻ ጻፍኩ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ሜዳ ላይ በ60 ስትሄድ፣ ዳገት ስትወጣ፣ ከጠፋች በኋላ። ለማንኛውም ጀማሪ ከሁሉ በፊት ይህን እመክራለሁ። ቆማ ብቻ የምትሞቅ መኪና ፋኗን ተጠራጠሩ፤ ስትሄድ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራላታልና። ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ የምትሞቅ ደግሞ ወይ ውሃው በደንብ አይዞርም ወይ ራዲያተሩ ሙቀቱን አይጥልም። በተነሳች በሁለት ደቂቃ ውስጥ የውሃ ጎማዎቿ የሚወጠሩና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ፣ በሞተሩና በቴስታታው መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቶ የቃጠሎው ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው፤ እሱ የሚፈራው ነው።

የኔዋ ላይ አረፋ የለም። የዘይት መለኪያውን ሳወጣው ቡና በወተት የመሰለ ነገር አላየሁበትም። ጭሷም ነጭ አይደለም። ቴስታታው ይቆይልኝ አልኩ። ፋኑን ለመፈተን ከአንድ ባለታክሲ የተማርኩትን ዘዴ ተጠቀምኩ፦ በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ብዙዎቹ ላይ የፋኑን የሙቀት ስዊች ሶኬት ስትነቅሉት፣ ቁልፉ ተከፍቶ ከሆነ ፋኑ መዞር አለበት። ዞረ። ፊውዙም፣ ሪሌውም፣ የፋኑ ሞተርም ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ደብተሬ ላይ ተደጋገመ፤ «ፈላች፣ ፋኑ ግን ገና አልተነሳም»። ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም።

ሌላው እንቆቅልሽ ውሃው ነው። በሁለት ቀን አንድ ትልቅ ብርጭቆ ይጎድላል፣ የቆመችበት መሬት ግን ደረቅ ነው።

መጋቢት ላይ አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁ። ጀርባው ላይ 82 ተብሎ ተቀርጿል፤ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው። ከመግጠሜ በፊት ልፈትነው ብዬ ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሼ ኩሽና ገባሁ። ባለቤቴ «በድስቴ ብረት ልትቀቅል ነው?» አለች። አሮጌውን ድስት ሰጠችኝ። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥዬ የድስቱን ቂጥ ሳይነካ ውሃ ውስጥ አገባሁት፣ ቴርሞሜትሩን ከጎኑ። 82 ሲደርስ በእርግጥም ስንጥቅ ታየች። 85፣ 88፣ በሩ ቀስ እያለ ይገፋል። 90። ከዚያ ውሃው ይንተከተክ ጀመር፤ 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ። 92። ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት 95 አካባቢ ስለሆነ በሩ ገና አልጨረሰም፣ ውሃው ግን ከዚህ በላይ አልሞቅም አለ።

ድስቱን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ይህን እኮ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ውሃ 100 ላይ የሚፈላው በባህር ወለል ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የባቄላ ንፍሮ እዚህ ቆላ ካለው ቤት ይልቅ የሚዘገየው ለዚህ ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። መኪናዬ ግን በፊዚክስ የምትሠራ አልመሰለኝም ነበር መሰለኝ።

እንግዲህ አስቡት። ፋኑ የሚነሳው 90ዎቹን ከጀመረ በኋላ ነው። ቴርሞስታቱ በሩን የሚጨርሰው 95 አካባቢ ነው። ውሃው ግን ክፍት ዕቃ ውስጥ ከሆነ በ92 ይፈላል። ፋኑ ሳይነሳ፣ በሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ፈላ ማለት ነው፤ ጠቋሚዋም ቀዩ ጋ ሳትደርስ። ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፣ የራዲያተሩ ክዳን። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ግፊት እስኪደርስ ውሃውን አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባህር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ውሃው እስከ 114 አካባቢ ሳይፈላ ይታገሳል። ክዳኑ ከደከመ ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። በአባይ ዳገት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ድልድዩ ጋ ከ1,000 ሜትር ብዙም አትርቁም፣ ውሃ 96 ገደማ ይፈላል፤ ደጀን ስትደርሱ 92። ሞተሩ በጣም በሚለፋበት ሰዓት የመፍያው ነጥብ ከስሩ እየወረደ ይጠብቀዋል። የፈላችብኝ ከታች ሙቀቱ ውስጥ ሳይሆን አናቱ ላይ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ሞተሩን አሙቄ በወፍራም ጨርቅ የላይኛውን ማንኮቶ፣ ማለቴ ትልቁን የውሃ ጎማ፣ ጨመቅኩት። ሲሞቅ ግፊት ስለሚኖር እንደ ተነፋ ጎማ መጠንከር ነበረበት። የኔው እንደ በሰለ ሙዝ ታጠፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ነጻ የሆነ ምርመራ አጠገቤ ነበር።

ክዳኑን ይዤ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ናቸው፤ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ አላቸው። ክዳኑን ገጥመው መግፋት ጀመሩ፣ 0.3 ሳይደርስ ፊሽ አለ።

«መምህር፣ ይቺን ይዘህ ነው አባይን የወጣኸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እግዜር ይወድሃል።»

የታችኛውን ላስቲክ አሳዩኝ፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሚጠፋው ውሃም በዚያው ተፈታ። ውሃው ሲሞቅ ጊዜው ሳይደርስ ወደ ተጠባባቂው ጠርሙስ ይወጣል፣ ሞልቶም መንገድ ላይ ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ያንን መልሶ መሳብ ነበረበት፣ በስንጥቁ ግን አየር ይስባል። ስለዚህ የቆመችበት መሬት ደረቅ፣ ራዲያተሩ ጎዶሎ። አዲስ ክዳን ስትገዙ ቁጥሩን አስተያዩ። ሱቅ ውስጥ 1.1 የሚለውን «ጠንካራው ነው» ብለው ሊሰጡኝ ነበር፤ ጋሼ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልተቀበልኩም። አሮጌ ራዲያተርና አሮጌ የውሃ ጎማ ከለመዱት በላይ ግፊት ሲመጣባቸው ደካማው ይፈነዳል።

በለመዱትም ቢሆን ደካማው ይታያል። 0.9ኙን ክዳን በገጠምኩ በሦስተኛው ቀን የታችኛው ማንኮቶ ፋሸታው፣ ማለትም ማሰሪያው ቀለበት፣ ጋ ማንጠባጠብ ጀመረ። ለካ ግፊት ስላልነበረ ነው ደህና የመሰለው። ሁለቱንም ማንኮቶዎች ቀየርኩ፤ እዚያው ላይ ቴርሞስታቱን መለስኩ፣ ከራሱ አዲስ ማሸጊያ ጋር።

ውሃውን ሳወርደው የወጣው ነገር የጠላ አተላ ነው የሚመስለው። ሁልጊዜ የቧንቧ ውሃ፣ ሲብስም የወንዝ ውሃ ስሞላባት ነበር። እዚህ አገር የራዲያተር ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል እል ነበር፤ ዝገት የሚከለክለው ግን እሱ ነው። ንጹሁ እስኪወጣ አራት ጊዜ አጠብኩ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ፣ አለዚያ የእሱ ቧንቧ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ይቀራል። ከዚያ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ። አየር እንዳይቀር አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁሜ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስቼ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፤ አረፋው እየወጣ ሲጎድል እየሞላሁ። ለዚህ ሥራ ማርቆስ የተመቸች ከተማ ናት፣ ዳገት ፍለጋ አትሄዱም።

አንድ ነገር ልዘለው ነበር። ራዲያተሩን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሳየው ክንፎቹ መሃል የጤፍ ገለባ፣ የሳር ፍሬና ትንኝ ተጠቅጥቆበታል፤ የታችኛው ሲሶ ብርሃን አያሳልፍም። አዝመራ ሲሰበሰብ በደጀንና በብቸና መንገድ የሚነዳ ሰው ይህን ይፈትሽ። ያጠብኩት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ ነው። መኪና እጥበት ቤት በከፍተኛ ግፊት ካስመታችሁት ክንፎቹ ይተኛሉ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አባይ ወረድኩ። ብቻዬን አይደለም፤ ባለቤቴ «ከቀረሁ ዋሽተህ ትመጣለህ» ብላ አብራኝ ሄደች። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ ወረድኩ፣ ድልድዩ ጋ ዞርኩ። ሙቀቱ እንደ እሳት ነው። ሽቅብ ስወጣ በትልቅ ማርሽ እያስጨነቅኩ ሳይሆን በሁለተኛ፣ አንዳንዴ በሦስተኛ ነዳሁ፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር የውሃ ፓምፑም ፈጠን ይላል። ጠቋሚዋ ከመሃል አንድ ጣት ያህል ተነሳች። እዚያው ቆየች። ባለፈው የቆምንበት ጥግ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ዝንጀሮዎቹን በመስኮት ሰላም አለቻቸው።

ደጀን ቆመን ቡና ጠጣን። ኮፈኑን ከፍቼ ማንኮቶውን በጨርቅ ጨመቅኩት፤ አልታጠፈም። ፋኑ ይዞራል። ክዳኑን አልነካሁም፣ ጠባሳዬ ያስታውሰኛል። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዛ ሳያት በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ በእስኪርቢቶ ያሰመርኩባት መስመር ላይ ተመልሶ ተኝቷል።

አሁን የቀረችኝ የውሃ ፓምፗ ናት። ከስሯ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በኩል ነጠብጣብ አይቻለሁ፣ ጠዋት ስትነሳም ትንሽ ታፏጫለች። ክረምቱ ሲገባ እፈታታለሁ፤ ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ። አሮጌው ክዳን ደብተሮቼ መሃል ነው፣ ለግፊት ትምህርት ክፍል ይዤው እገባለሁ።