«ሪስታርት አድርጉት» ያልኩ ቀን

ሐሙስ ሌሊት። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው።

ዛሬ ከሰዓት ሲስተማችን ቆመ። እንዲህ ያለው ነገር ከዚህ በፊትም ገጥሞናል፤ ብርቅ አይደለም። ስልኬ መጮህ ጀመረ። የበላዮቼ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ ይስተካከላል?» ስድስት ባልደረቦቼ ደግሞ ፊት ፊቴን ያያሉ። እኔም «በቃ፣ ሪስታርት አድርጉት» አልኩ። አልጮኽኩም። እጄም አልተንቀጠቀጠም። ላየኝ ሰው እርጋታዬ ያስቀና ነበር።

የውስጤን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ያን ያልኩት መፍትሔው እሱ ነው ብዬ አይደለም። ዝም ብዬ መታየቱ ስላስጨነቀኝ ነው። ሲስተሙ ሲቆም ምን ላይ እንደነበር የሚያሳየው መረጃ ሚሞሪ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ነበር፤ ሪስታርት ስናደርገው አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት ሙሉ በጨለማ ዳበስን። የመጀመሪያው ብልሽት የማንም ጥፋት አልነበረም። ሁለተኛው የእኔ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያልኩ ስንቱን መክሬያለሁ!

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄም አይደለም። ከቡድኑ በዕድሜ ትንሿ ልጅ «ቆይ፣ መጀመሪያ…» ብላ ነበር። ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ሰምቼ አለፍኳት። ያ የተረጋጋ ፊቴ ለካ አፍ ማስያዣ ሆኗል። ብጮህ ኖሮ ምናልባት አንዱ «ተረጋጋ እንጂ» ይለኝ ነበር። ረግቶ የሚናገር አለቃ የሚለውን የሚያውቅ ይመስላል፤ ማን ደፍሮ ያቋርጠዋል?

እያሰብኩ ሳለ አፖሎ 13 ትዝ አለኝ። እ.አ.አ. በ1970 ሦስት ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ፣ ከምድር ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳሉ የኦክስጅን ታንካቸው ፈነዳ። በዚያ ሰዓት የምድሩን ቁጥጥር ይመራ የነበረው ጂን ክራንዝ ለባልደረቦቹ ያላቸው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ችግሩን እንፍታ፣ በግምት ግን አናባብሰው። ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ይበልጥ ይገርመኛል። ዋናውን ሞተር አስነስተው በቶሎ የሚመለሱበት መንገድ ነበር። ነገር ግን ፍንዳታው ሞተሩን ይጉዳው አይጉዳው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ መረጠ፤ ጨረቃን ዞረው ይምጡ አለ። ሰዎቹ በሕይወት ተመለሱ። እኔ ማንም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሳይወድቅ፣ አሥር ደቂቃ መታገሥ አቃተኝ።

«በረጅሙ ተንፍስ» የሚለው ምክር ድሮ ያበሳጨኝ ነበር። አሁን ግን እቀበለዋለሁ፤ ቀስ ብሎ አየር ማስወጣት የልብ ምትን ያዘገያል። ጥሩ ነው። ግን እሱ የሚያረጋጋው እኔን ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ስልኩ። ዛሬ እያንዳንዱን ጥሪ ራሴ አነሳሁ፤ እያንዳንዱም ጥሪ ትንሽ ትንሽ ገፋኝ። ከመጀመሪያው «በየሠላሳ ደቂቃው ያለንበትን አሳውቃችኋለሁ፣ እስከዚያ አትደውሉልኝ» ብል ማንም አይሞትም ነበር። ስልኩንም ለአንድ ሰው መስጠት እችል ነበር። ጭንቀቱ ከየት እየገባ እንደነበር አሁን ሳስበው ከስክሪኑ አልነበረም፤ ከኪሴ ነበር።

ሌላው፣ የምናውቀውንና የምንገምተውን ጮክ ብሎ መለየት። ዛሬ «ዳታቤዙ ነው» ሲባል ሁላችንም አመንን። ያየው ሰው ግን አልነበረም። «ማን አየው?» ብሎ መጠየቅ አምስት ሰከንድም አይፈጅም። አለቃ ሲሆኑ ግን ያቺ ጥያቄ ትከብዳለች። አላውቅም ማለት ነዋ! እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላውቅም ከምል ተሳስቼ ብወስን ይቀለኝ ነበር።

ማምሻውን ለልጅቷ መልእክት ጻፍኩ። ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩ፤ «በነበረው ጫና ምክንያት» የሚል ሐረግ ገብቶበት አየሁና እሱንም ሰረዝኩት። በአካል ይሻላል። ነገ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ያን «መጀመሪያ…» ያለችውን እንድትጨርሰው እጠይቃታለሁ።