የአባቴን ካሴቶች ለሰው አደራ ሰጥቼ ያየሁት

ሰሞኑን ምን እያዳመጥህ ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ የአባቴን ካሴቶች። ቁጥራቸው 47 ነበር፤ ዛሬ ቤታችን ያሉት 46 ናቸው። ይህን የምጽፈው በጎደለችው በአንዷ ምክንያት ነው። ከእኔ በፊት ያለፈበት ሰው አስቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ዛሬ በቦታቸው ይገኙ ነበር።

አባቴ ካሴቶቹን የሞላቸው በሰዓት እላፊው ዘመን ነው። ከሥራ ሲወጣ በጊዜ ቤቱ ይገባና ራዲዮኑን ከፍቶ፣ ጣቱን መቅረጫው ላይ አድርጎ፣ የሚወደው ዘፈን እስኪመጣ ይጠብቃል። ሸክላ ካላቸው ጎረቤቶችም ለምኖ የቀዳው ብዙ ነው። በአገራችን ሸክላ መታተሙ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቀርቶ ካሴት ቦታውን ሲይዝ፣ የቀድሞውን ዘፈን የፈለገ ሰው ያለው አማራጭ ከሰው መቅዳት ነበር። ስለዚህ በአንድ ካሴት ላይ ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ይዘፍናል፣ ብዙነሽ በቀለ ትከተላለች፣ ከዚያ ካሳ ተሰማ በክራሩ ይገባል። እንዲህ ያለው ቅደም ተከተል በየትኛውም ሙዚቃ ቤት አይሸጥም። የአባቴ ነው። በየሽፋኑ ላይ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም በጥንቃቄ በተጻፈ የእጅ ጽሑፉ ሰፍሯል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ካሴቶቹን በስልኳ መስማት ፈለገች። እኔም ጊዜ የለኝም ብዬ፣ መሃል ከተማ ውስጥ «ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ማስታወቂያ ወደለጠፈ አንድ ሱቅ ካርቶኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ለአንዱ ካሴት 150 ብር፣ በጠቅላላው 7,050 ብር ተስማማን። ግማሹን ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ካሴት፣ አንድ ካርቶን» የሚል ነበር። አየሁት፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ ደረሰኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ፤ አልቋል። ደስ አለኝ። እዚያው ቆሜ አንዲት ስሌት ብሠራ ኖሮ ደስታዬ ባልቆየ ነበር። ካሴት የሚገለበጠው በሚጫወትበት ፍጥነት ነው፤ የ90 ደቂቃው ካሴት 90 ደቂቃ ይወስዳል። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ባለ 90 ናቸው፤ ተደምረው ከ60 ሰዓት በላይ ይሆናሉ። ሱቁ ውስጥ ያየሁት ማጫወቻ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። የቀረውን ገንዘብ ከፍዬ፣ ፍላሹንና ካርቶኑን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ አባቴን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ከቁጥር 12 ጀመርኩለት። የነሐስ መሣሪያዎቹ ገቡ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠና እጁን አነሣ።

«ይህ የእኔ ካሴት አይደለም።»

«አባባ፣ ቁጥር 12 እኮ ነው፤ ይኸው ተጽፏል።»

«የእኔ መጀመሪያው ይጎድለዋል። መቅረጫውን ዘግይቼ ነው የተጫንኩት።»

አውጥቼ ዋናውን ካሴት በአሮጌው ቴፕ አጫወትኩት። «ቀጭ» የሚል የቁልፍ ድምፅ፣ ከዚያ ከመሃሉ የተቆረጠ ጥሩምባ፣ ከዚያ ዘፈኑ። ፍላሹ ላይ ግን ዘፈኑ ከነመግቢያው ሙሉ ነው። ሌሎቹን መፈተሽ ያዝኩ። አንዱ የጥላሁን ዘፈን ነሐሶቹ ቀርተው በኪቦርድ ሆኗል፤ ብዙ ድምፃውያን የቀድሞ ሥራዎቻቸውን ኋላ ላይ እንደገና አስቀርጸዋልና ከዚያ የመጣ ነው። በዘፈኖቹ መካከል የነበረው የራዲዮ አቅራቢ ድምፅ የለም። ጎረቤት ቤት ሲቀዳ ከበስተኋላ የሚሰማው የሕፃን ልቅሶ የለም። ነገሩ ገባኝ፤ ሱቁ ካሴቶቹን ጨርሶ አላጫወታቸውም። ከሽፋኑ ላይ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም እያነበበ ከኢንተርኔት አውርዶ ሰጥቶኛል።

በማግስቱ ሄድኩ። ባለቤቱ አልካደም፤ ከሁሉ ያናደደኝም ይኸው ነው። «ወንድሜ፣ ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው። እንዲያውም የእኛው ጥራት ይበልጣል» አለኝ። ውለታ የዋለልኝ ነው የመሰለው። እኔ የከፈልኩት አባቴ በ1971 ዓ.ም. አንድ ምሽት ለሰማው ነገር መሆኑን፣ ጉድለቱም የዕቃው አካል መሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ። ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ።

ከዚያ የባሰው ቀጠለ። ቤት ተመልሼ ስቆጥር ቁጥር 31 ሽፋኗ አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። 31 አስናቀች ወርቁ በክራር የተጫወተችው ነው፤ አባቴ ከራዲዮ የቀዳው። እንደገና ሄድኩ። «ካርቶን ሰጥተኸን ነበር፤ ካርቶን መልሰናል» አለ፤ ደረሰኙንም አሳየኝ። ልክ ነው፤ የተጻፈው አንድ ካርቶን ነው። ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ የመንግሥት ሠራተኛ ዘንድ አቤቱታ ይዤ ቀረብኩ። ወረቀቴን ሳያነቡ «ባዶ ካሴት ስንት ብር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ባዶ አለመሆኑን ነገርኳቸው። «የዕቃውን ዋጋ የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ» አሉ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩና ተውኩት። መተዌ አሁንም ይቆጨኛል።

የቀረውን ሥራ ራሴ ሠራሁት፤ ከፈራሁት በጣም ይቀላል። ያገለገለ ጥሩ የካሴት ማጫወቻ ገዛሁ። ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ የሚሰኩትን ርካሽ ትንንሽ ማጫወቻዎች አትግዙ፤ ፍጥነታቸው ስለሚዋዥቅ ክራሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ ጠጋኞች ሄድ የሚሉትን፣ በአልኮልና በጥጥ አጸዳሁ። እያንዳንዱን ካሴት ከማጫወቴ በፊት እስከ መጨረሻው ወደፊት አጠንጥኜ መለስኩት፤ ለዓመታት የተጣበቀ ክር በዚህ ይላቀቃል። በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰበርኩ፤ ከዚያ በኋላ በስህተት ሊቀረጽበት አይችልም። በማጫወቻው የድምፅ መውጫና በኮምፒውተሩ መካከል ገመድ ዘረጋሁ፤ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቀዳሁ። መብራት ሲጠፋ እስከዚያ የተቀዳው እንዳይጠፋ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይሻላል፤ ማጫወቻው ግን ይቆማልና ያንን ካሴት ከመጀመሪያው መድገም ነው።

ሁለት ነገር ላይ ከሚሰጠው ምክር ጋር አልስማማም። የድምፅ ቤተ መዛግብት መመሪያዎች በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅዱ ይላሉ፤ ሁለቱም የቅጂው ጥራት መለኪያዎች ናቸው። እንደዚያ ከሆነ አንድ የ90 ደቂቃ ካሴት ከ3 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ከራዲዮ በቤት ቴፕ ለተቀዳ ነገር በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት፣ ማለትም በሲዲ ልክ፣ ይበቃል፤ አንዱ ካሴት ከ1 ጊጋባይት በታች ይሆናል፤ ሦስት ቦታ ማስቀመጥም ትችላላችሁ። በትልቁ ቀድቶ አንድ ቦታ ብቻ ከማስቀመጥ በትንሹ ቀድቶ ሦስት ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን አትንኩ የሚሉ አሉ። ንኩ። በሌላ ቴፕ የተቀዳ ካሴት ድምፁ የታፈነ ከሆነ፣ ብሎኗን በጥቂቱ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ድምፁ እስኪከፈት ፈልጉ። ቁጥር 8 ላይ ይህን ሳደርግ ብዙነሽ በቀለ ከግድግዳ ጀርባ ወጥታ ፊት ለፊቴ የቆመች ያህል ሆነ። አባቴ ከመኝታ ቤት «ምን አደረግኸው?» እያለ መጣ።

ከበስተኋላ የሚሰማውን የክሩን ሹክሹክታ የሚያጠፋውን የኮምፒውተር ማጣሪያ ግን አልተጠቀምኩም። ከሹክሹክታው ጋር የክራሩን ጫፍ ይበላዋል። ካሴቱንም ዘፈን በዘፈን አልቆራረጥኩትም፤ አንዱን ገጽ እንዳለ፣ ከነአቅራቢው፣ ከነሕፃኑ ልቅሶ ላክሁ። እህቴ ቁጥር 12ን ሰምታ ደወለችልኝ፤ ስለ ዘፈኑ ምንም አላለችም። «ቀጭ የሚለውን ሰማሁት» ብቻ ነው ያለችው።

ለሰው የምትሰጡ ከሆነ፣ በመጀመሪያ አንድ ካሴት ብቻ ስጡ። የመጣውን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ስሙ። ደረሰኙ ላይ ቁጥሩ በቁጥርና በፊደል ይጻፍ። ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ካሴት ከነሽፋኑ በስልክ ፎቶ አንሱ። እኔ አላነሣሁም።

ባለፈው ሳምንት 31ን ፍለጋ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቱ አልነበረም፤ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ አሳዘንኩትና ወደ ጓዳ አስገባኝ። ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ ሙሉ ካሴት ነው። አብዛኛው ሽፋን የለውም፤ ስም የለበትም። የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የደብዳቤ ካሴትም ይኖርበታል። አንድ ሰዓት ያህል እያወጣሁ አየሁ። የአባቴን የእጅ ጽሑፍ አላገኘሁም። ሌሎች የእጅ ጽሑፎችን ግን አይቻለሁ፤ አንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለእማዬ፣ እንዳይጠፋ» ይላል።