አሥራ ሁለት ኪሎና አንድ የዘይት ጀሪካን

ክብደት ልቀንስ ብሎ የወሰነ ሰው በእኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚያደርገው ስኒከር መግዛት ነው። እኔም ገዛሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ጠዋት ከየብሎኩ ወርዶ ወደ አደባባዩ የሚራመደው ሰው ብዛት ይገርማል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች አለች፣ ሙሉ ቱታ የለበሰ አለ። ከእነሱ ጋር ለወራት ተመላለስኩ። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

ለምን? መልሱ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ 82 ኪሎ ነበርኩ። በዚህ ክብደት አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ቁጭ ብዬ ብውል ከማቃጥለው በላይ የሚያወጣልኝ ወደ 200 ካሎሪ ብቻ ነው። እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓት ከዚህ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ተቀምጠን እንኳ የምናቃጥለውን አብሮ ሲደምር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለት ማንኪያ ዘይት ሲገባ የጠዋቱ ድካም ተመለሰ ማለት ነው። ዘይቱ ሽሮ ውስጥ ገብቶ ደግሞ ማን ያየዋል?

በዚያ ላይ ስፖርት ያስርባል። ያስርባል ብቻ ሳይሆን ልብ ይሰጣል። «ዛሬማ ተራምጃለሁ» እያልኩ ቁርስ ላይ አንድ ጥቅልል እጨምራለሁ። ገና ያልወጣልኝን ዕቁብ አስቀድሜ አጠፋለሁ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይደክመኛል። ሱቅ ልጁን እልካለሁ፣ በእግር የምሄድባትን ትንሽ መንገድ በባጃጅ እጨርሳታለሁ። ይህ የእኔ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ኋላ ሳነብ ነው። ኸርማን ፖንትዘር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰሜን ታንዛኒያ ውስጥ እያደኑና ሥራሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን የሀድዛ ሰዎች ለክተው ነበር። የሰውነታቸው መጠን ሲታሰብ፣ በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ካሎሪ ቢሮ ከሚውለው አሜሪካዊ ብዙም አይለይም። ሰውነት እዚህ ያወጣውን እዚያ ይቆጥባል።

ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች ለየኋቸው። ክብደቱ እንዲቀንስ ምግቡን ያዝኩ። እንቅስቃሴውን ከካሎሪ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ተራመድኩም አልተራመድኩም የምበላው ያው ነው። የተቀረው ሁሉ ከዚህ ውሳኔ የመጣ ነው።

በቀን ስንት ልብላ ለሚለው ሚፍሊን ሴንት ጆር የሚባለውን ቀመር ተጠቀምኩ። ክብደትን በ10፣ ቁመትን በሴንቲሜትር በ6.25 አባዝቶ መደመር ነው። ከዚያ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል። ሴት ከሆነች ሌላ 161 ይቀነሳል፣ ወንድ ከሆነ 5 ይደመራል። ቁመቴ 160፣ ዕድሜዬ 38 ስለነበር 1,469 መጣልኝ። ይህ ተኝቼ ብውል የማቃጥለው ነው። ቢሮ ተቀምጬ ለምውል ሰው በ1.4 ሲባዛ ወደ 2,050 ይደርሳል። እኔ 1,650 ላይ ወሰንኩ። በቀን 400 ማጉደል ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በወር አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ቢወርድ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በረሃብ እየተንቀጠቀጡ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም የለበትም።

አሁን ዋናው ችግር መጣ። 1,650ውን እንዴት ነው የምቆጥረው? ስልክ ላይ ያሉት የካሎሪ መቁጠሪያዎች ምግቡ በሰሃን ተለክቶ ቀርቦልሃል ብለው ነው የሚያስቡት። እኛ ቤት አራት ሰው በአንድ ትሪ ይበላል። ባለቤቴ ያጎርሰኛል፣ ልጆቹ የተረፋቸውን ወደ እኔ ይገፋሉ። ስንት ጉርሻ እንደበላሁ ልቆጥር ብል ምግቡ እንቅ ያደርገኛል። ስለዚህ ትሪውን ትቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዘይት ጀመርኩ። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ስገዛ የተከፈተበትን ቀን በማርከር ጎኑ ላይ ጻፍኩ። አምስት ሊትር ዘይት ከ40 ሺህ ካሎሪ በላይ ነው። እኛ ቤት በሦስት ሳምንት ገደማ አለቀ። ለአራት ሰውና ለቀኑ ሳካፍለው ለእያንዳንዳችን በቀን ወደ 480 ካሎሪ ደረሰ። ልጆቹ ከእኔ ያነሰ ስለሚበሉ የእኔ ድርሻ ከዚህም ይበልጣል። እንጀራው ሳይነካ፣ ሥጋው ሳይገባ፣ ከዘይት ብቻ! ላጎድለው ካሰብኩት 400 በላይ እዚያ ጀሪካን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዘይት መቀነስ ሲባል ብዙ ሰው ጣዕም የሌለው የበሽተኛ ወጥ ይመስለዋል። እናቶቻችን ግን ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚያቁላሉት። እኔ ያንኑ አስረዘምኩት። ወፈር ያለ ድስት፣ ቀዝቀዝ ያለ እሳት፣ ሊይዝ ሲል ጠብ የሚደረግ ውሃ። ሽንኩርቱ እስኪቀላና እስኪሟሟ ትዕግሥት ይፈልጋል። በርበሬውም በውሃ እየተቁላላ ይበስላል። ዘይቱ መጨረሻ ላይ በማንኪያ ተለክቶ ይገባል፤ ከጀሪካኑ አፍ እየተንቆረቆረ አይደለም። ላዩ ላይ ዘይት ያልወጣለት ወጥ ወጥ አይመስልም የሚሉ እንግዶች አሉ። ለእንግዳ እንግዳዬን የሚመስል ወጥ እሠራለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። ለእኛ ለቤቱ ግን ጀሪካኑ አሁን አንድ ወር ተኩል ገደማ ይቆያል። ያ ማለት በነፍስ ወከፍ ከ480 ወደ 225 ወረደ ማለት ነው። ወጪውም እንደዚያው፤ የዘይትን ዋጋ ለሚያውቅ ምን እነግረዋለሁ።

እንጀራውንም በዚሁ መንገድ ቆጠርኩት። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ወደ 3,600 ካሎሪ አለው። ከኪሎው ሰባት እንጀራ ከወጣ አንዱ ከ500 በላይ ነው፣ አሥር ከወጣ 360 ነው። ምጣዱም የጋጋሪዋም እጅ ይለያያል፣ ስለዚህ የራስን ቤት መቁጠር ነው የሚያዋጣው። እኔ በአንድ ማዕድ አንድ እንጀራ ላይ ቆምኩ፣ ወጡን ግን አበዛሁት። በተለይ ምስሩን። ደረቅ ምስር ከመቶው ወደ 25 የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ያጠግባል፣ ጡንቻንም ይጠብቃል። ጎመኑና ጥቅል ጎመኑ ደግሞ ትሪውን ይሞሉታል፣ ካሎሪያቸው ትንሽ ነው።

ቡናውስ? ቡናውን አልነካሁም፣ ስኳሩን ነው የነካሁት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ፤ ሳይታወቅ 100 ሞላ። ቆሎውን ቆጠብ አልኩበት። ቆሎ ጤናማ ቢሆንም ደረቅ እህል ነው፣ እፍኙ ብዙ ይይዛል። ንፍሮ ይሻለኛል፤ ውሃ ስለጠጣ ሆድ ቶሎ ይሞላል።

ካሎሪ ከመቁጠር የከበደኝ የሰው አፍ ነው። እኛ ጋ መወፈር «አምሮብሻል» ነው፣ መክሳት «ተጎዳሽ» ነው። ጎረቤቴ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ደረጃው ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ ምነው? ስኳር ያዘሽ እንዴ?» አሉኝ። እናቴ በስልክ ፎቶዬን አይታ ቤተ ክርስቲያን ተሳለችልኝ። ማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ካሎሪ ሳወራ ይብሱን ያዝናሉ። በመጨረሻ «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ማለት ጀመርኩ። ሐኪሙ በእርግጥ ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንሺ ብሎኛል፤ ስለዚህ ውሸት አይደለም። ሐኪም ሲባል ሁሉም ዝም ይላል። ጉርሻውም ይቀንሳል።

ጾም ሲገባ እከሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም። ጀሪካኑ ግን ከወትሮው ቶሎ አለቀ! ቅቤው ሲቀር ዘይቱ ይተካዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰው ደግሞ ሳምቡሳና ፓስቲ ሲያይ አይምርም። ያዋጣኝ ማዕዱን በንፍሮ ወይም በምስር ሾርባ መጀመር ነው። ትኩስ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ ጥድፊያው ይበርዳል፤ ፍርፍሩ ከዚያ በኋላ በልክ ይበላል።

እንግዲህ ስፖርቱ ለምን ይጠቅማል? ብዙ ነው። ምግብ ሲያንስ ሰውነት የሚያቀልጠው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻውን የሚያስቀረው ሥራ ላይ ማዋል ነው። የወረደ ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም መንቀሳቀስ ትልቅ ድርሻ አለው። ግፊቴም እንቅልፌም የተስተካከሉት ከእሱም ጭምር ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር። እኔም ለዚያው ነው የምሠራው።

ጂም ገብቼ ነበር፣ ቶሎ ወጣሁ። አሠልጣኙ ሆዴን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሊያልበኝ ይፈልጋል። ላብ ውሃ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ሲጠጡ ይመለሳል። አሁን የምሠራው ቤቴ ነው። የዘይቱ ጀሪካን ባዶ ሲሆን ታጥቦ ውሃ ይሞላል፤ አምስት ኪሎ ክብደት ሆነ። ሁለቱን በሁለት እጅ ይዤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ወደ ላይ መግፋት፣ ጎንበስ ብሎ መሳብ። ጭኔ የሚንቀጠቀጥበት ቀን አለ። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ የጠፋ ቀን ባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን ከታች ይወጣል። እሱንም ከስፖርት ነው የምቆጥረው።

ለሚራመዱ አንድ ሁለት ነገር። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ገና የጀመረ ሰው ሩጫ ውስጥ ዘሎ ቢገባ ትንፋሹ ያጥረዋል። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ፍጥነቱ ልክ ነው። ሳይነጋ አትውጡ፤ ውሻው በመንጋ ነው፣ አልፎ አልፎ ጅብም አለ። የጭነት መኪናው ብናኝ ሳይነሳም ተመለሱ። ለእኔ የተመቸኝ ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው።

ሚዛንን በተመለከተ፣ ታክሲ ተራው ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጓደኛዬ ነው፤ ግን በጫማና በጃኬት መመዘን ሰውን ያሳብዳል። የቤት ሚዛን ገዛሁ። ዓርብ ጠዋት፣ ምንም ሳልቀምስ። መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ የሚወርደው ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነው፣ አትጨፍሩ። ጨው የበዛበት እራት በማግሥቱ ከፍ ያደርጋል፣ ለሴቶች የወር አበባ ሰሞንም እንዲሁ። ስለዚህ የማየው የወሩን አዝማሚያ ነው።

ወደ 75 ኪሎ ስጠጋ ቆመ። ሰውነት ሲቀልል የሚያስፈልገውም ያንሳል፤ በእኔ ቀመር አሥር ኪሎ ሲወርድ በቀን 140 ካሎሪ ገደማ ይቀንሳል። ያቺን ከእንጀራው ቆረጥኩ፣ መንገዱ ተከፈተ። ከዓመት በላይ ፈጅቶ አሁን 70 ነኝ። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ፣ ላረገዘች ወይም ለምታጠባ ይህ ሁሉ ሒሳብ ያለ ሐኪም አይሞከርም።

የቀረው የቤተሰቡ ነገር ነው። እኔ ላጎድል ስል እነሱን ማስራብ የለብኝም። ባለቤቴ ቀጭን ነው፣ ሥራውም የጉልበት ነው። ልጆቹ ደግሞ እያደጉ ናቸው። ስለዚህ ወጡ ለሁላችንም በትንሽ ዘይት ይሠራል፣ የጎደለው በየሰው ይጨመራል። ለእሱ አቮካዶና አንድ ተጨማሪ እንጀራ፣ ለልጆቹ እንቁላልና ወተት፣ የፍስክ ቀን ቅቤውም በእነሱ በኩል ትሪው ላይ ጠብ ይላል። እኔ ከወዲህ በኩል እበላለሁ።