44 ወጣ!

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የዓሣ ላቦራቶሪ ስሠራ ነው። ኩሬ ያላቸው አንድ ጋሼ ጫጩት ዓሣ በባልዲ ይዘው መጡ። የጉድጓድ ውሃቸው ጨው ይበዛበታል። ነጋዴው ደግሞ «የሞዛምቢክ ቲላፒያ ነው፤ ጨው አይበግረውም» ብሎ በውድ ሸጦላቸዋል።

«ክሮሞዞሙን ቁጠሩና ይለይልኝ» አሉ። ክሮሞዞም ሴል ውስጥ ያለ፣ ዘርን የሚሸከም ክር መሳይ ነገር ነው።

ነጋዴው ስለ ዝርያው የተናገረው ውሸት አይደለም። የሞዛምቢክ ቲላፒያ አገሩ ከታችኛው ዛምቤዚ እስከ ደቡብ አፍሪካው ቡሽማንስ ወንዝ ያለው ጠረፍ ነው። ወንዝና ባሕር በሚቀላቀሉበት ጨዋማ ውሃ ይኖራል። ባልዲው ውስጥ ያለው ግን እሱ ነው ወይ?

ቆጠራው ዓይን ያፈሳል። ዓሣው በሕይወት መምጣት አለበት። በመከፋፈል ላይ ያሉ ሴሎች ባሉበት እንዲቆሙ ኮልቺሲን ይሰጠዋል። ከስንጥቡ ናሙና ይወሰዳል፣ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ማፍጠጥ ነው። 44 ወጣ። ጋሼ የሞዛምቢኩ 44 መሆኑን ቀድመው አጣርተዋል። ውጤቱን በስልክ አንስተው ለወዳጅ ዘመድ በተኑት።

አለቃችን ዶክተር «አሞራ ገደል ሂድና ቆሮሶ በሕይወት አምጣ» ብቻ አሉኝ። ዓሣ ሻጮቹ ሳቁብኝ፤ እዚያ የሚጠየቀው ጥብስ ወይ ሾርባ ነው። የሐይቃችንን ቆሮሶ፣ ማለትም የናይል ቲላፒያን፣ ቆጠርን። 44!

«እንዴ!» አሉ ጋሼ።

«ሁለቱም 44 ናቸው» አሉ ዶክተር። «ቢዳቀሉም 22 ከእናት፣ 22 ከአባት፣ ያው 44 ነው። ትልቁ ባርበስ የሚባለው ሌላ ዓሣ ቢሆን ወደ 150 ስለሚጠጋ በቆጠራ እለየው ነበር።»

መዳቀሉ ቀላል ነገር አይደለም። የሞዛምቢኩ ቲላፒያ በሰው እጅ ዓለምን ዞሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ጃቫ ደሴት ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። በገዛ አገሩ ግን የናይል ቲላፒያ ገብቶ እየተዳቀለው፣ ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች ተራ ተመዝግቧል። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የናይሉ ሲያድግ ጅራቱ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። የተዳቀለው ላይ ግን ይምታታል፤ ቁርጡን የሚናገረው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ዶክተር ከዚያ በፊት «ለመሆኑ ወላጆቹ ከየት መጡ?» አሉ። ጋሼ ለነጋዴው ደውለው ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ከባቱ፣ ከሰው ኩሬ ነው ያወጣኋቸው። ከዚያ በፊት ያለውን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ዶክተር ጥቂቶቹን በጉድጓዱ ውሃ፣ በርሜል ውስጥ እንዲሞክሩ መከሯቸው። ወደ ሐይቁ አንድም እንዳይለቁ ደግሞ ደጋግመው አስጠነቀቁ። ጋሼ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ነጋዴውን ፍለጋ ወጡ።