ጥቁር ካወለቅኩ በኋላ ልኬን ፍለጋ

ጥቁሬን ያወለቅኩት የእናቴ ሙት ዓመት የወጣ ቀን ነው። እዚሁ ጎንደር ቁስቋም ቤተክርስቲያን ፍትሐቱ ደርሶ፣ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ተበትኖ፣ እህቶቼ እቃ ሲያጥቡ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ቁም ሳጥኔን ከፈትኩ። ዓመት ሙሉ ሁለት ጥቁር ቀሚስና አንድ ጥቁር ሹራብ ሳፈራርቅ ስለከረምኩ ሌላው ልብሴ ምን እንደሚመስል እንኳ ረስቼው ነበር። በጣም የምወደውን ክሬም ሸሚዝ አወጣሁ፣ ደረቴ ላይ አልቆለፍ አለ። ጉርዴን አወጣሁ፣ ዚፑ ግማሽ ላይ ቆመ። ሌላ ሞከርኩ፣ ሌላ ሞከርኩ፣ አልጋው ላይ ክምር ሲሆን ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እህቴ ገብታ አየችኝና የእናታችን ነገር መስሏት አቀፈችኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።

48 ዓመቴ ነው። ክብደቴ ያን ያህል አልጨመረም፣ ተመዝኜ አይቻለሁ ሁለት ኪሎ ነው። የተቀየረው ቦታው ነው። ጤና ጣቢያ የምትሰራ ጎረቤቴ ናት ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ፣ ሴት ወደ ማረጫዋ ስትጠጋ፣ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ማለት ነው፣ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እየቀነሰ ይሄዳል፣ በፊት ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ሆድ አካባቢ መከማቸት ይጀምራል። ድንገት ከደረት ተነስቶ ፊት ላይ የሚወጣው ሙቀትም ከዚሁ ጋር የሚመጣ ነው። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር፣ እናቴም አልነገረችኝም፣ እኔ ደግሞ የበላሁት እንጀራ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ነው የከረምኩት።

ደሞዝ ሲወጣ ፒያሳ ወጥቼ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ልብስማ ሞልቷል፣ ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ የልጄ እኩዮች የሚለብሱት፣ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል፣ ሌላው የእናቶች የሚሉት፣ ትልልቅ አበባ ያለበት ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ዝም ብሎ የሚወርድ የሚንሸራተት ፖሊስተር። አንድ ቡቲክ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ እያየሁ ሻጩ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ በትህትና "ማዘር ላንቱ ሚሆነው በዚ በኩል ነው" ብሎ ወደ አበባዎቹ ወሰደኝ። ልጁ አክብሮኝ ነው፣ በሱ አልተቀየምኩም። የከነከነኝ ሌላ ነው፣ እኔ ቢሮ እሰራለሁ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን እስማለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ሰርግ እጠራለሁ፣ ዕቁብ አለኝ፣ እንዲህ ወዲያ ወዲህ የምትል ሴት ምን ለብሳ ትውጣ ብሎ ለሱቁ እቃ ሲያስመጣ ያሰበላት ሰው የለም።

ከዛ ገንዘቤን ማጥፋት ጀመርኩ። ልጄ እማዬ ተይኝ እኔ እመርጥልሻለሁ ብላ ታይት ሱሪ ከረጅም ቦዲ ጋር ገዛችልኝ፣ ደስ እንዲላት ቢሮ ለብሼው ሄድኩ፣ በተነሳሁ በተቀመጥኩ ቁጥር ቦዲውን ወደታች ስጎትት ዋልኩ፣ ማታ ስገባ ከስራው በላይ እሱ ነበር ያደከመኝ። ቀጥሎ በቴሌግራም ቀሚስ አዘዝኩ። ፎቶው ላይ ወፈር ያለ ጥጥ ይመስላል፣ የመጣልኝ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር፣ እሱም ደረቴ ላይ ጠባብ። ስደውል "ኤክስ ኤል ነው ያልሽው ኤክስ ኤል ነው የላክነው" አሉኝ፣ መመለስ የለም።

ስለ ቁጥሩ ማጣራት የጀመርኩት ያኔ ነው። የጣሊያን 46፣ የፈረንሳይ 42፣ የጀርመን 40 እና የእንግሊዝ 14 ተቀራራቢ ልክ ናቸው፣ ኤክስ ኤል የሚለው ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ እና አንገት ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ መግዛት በጭፍን መግዛት ነው። አሁን ሳዝዝ ሻጯን ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት ለኪልኝ፣ የትከሻውንም ጨምሪልኝ ነው ምላት። የብብቱን በሁለት አባዝቼ ከደረቴ ዙሪያ ጋር አስተያያለሁ፣ የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ከሰውነቴ ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ አልወስድም። ለመለካት የምትሰለች ሻጭ ካጋጠመችኝ እዛው ላይ እተወዋለሁ።

መፍትሄዬን ያገኘሁት ግን ስፌት ላይ ነው፣ እሱም በሁለተኛው ሙከራ። የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ቤት የወሰድኩት ሶስት ሜትር ጥሩ ጥጥ ነበር፣ ሳይነክሩ ቆረጡት። ቀሚሱ አልቆ ስለብሰው ልክ ነበር፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ አንዴ ታጥቦ ሲደርቅ ጉልበቴ ላይ ወጣ፣ ብብቱም ያዘኝ። ጥጥ የመጀመሪያ እጥበቱ ላይ ይሰበሰባል፣ ስለዚ ገዝታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ አድርቃችሁ ተኩሳችሁ ነው ለሰፊ ሚሰጠው። ይሄን ባውቅ ኖሮ ያ ጨርቅ አይባክንም ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሁለተኛዋን ያገኘሁት በዕቁብ ጓደኛዬ በኩል ነው። እትዬ ነው ምንላቸው፣ ስልሳውን አልፈዋል፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር አላቸው። የገዛሁትን ሁለት ጨርቅ ዘረጋሁላቸው፣ ሻጩ ሁለቱንም ንጹህ ጥጥ ነው ብሎኛል። ምንም ሳይሉ ከያንዳንዱ ጫፍ አንድ አንድ ክር መዘዙና ክብሪት ጫሩ። አንደኛው እንደ ወረቀት ተቃጠለ፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ አመዱን በጣታቸው ሲነኩት በነነ። ሁለተኛው ሲቃጠል ሳይሆን ሲቀልጥ ነው ያየሁት፣ ተኮማትሮ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጠር ሆኖ ደረቀ። "ይኸ ላስቲክ ነው ልጄ፣ ላብሽን አይጠጣልሽም" አሉኝ። እኔ ደግሞ ስብሰባ መሃል ሙቀቱ ሲመጣብኝ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እየተጣበቀ የምሸማቀቅ ሴት ነኝ። ልጄ ያሉኝም ነገር ሆዴን አባባው፣ ዓመት ሙሉ ማንም እንደዛ ብሎ አልጠራኝም።

ሲለኩኝ ሆዴን ሳብ አድርጌ ቆምኩ። ሜትሩን ወገቤ ላይ እንደያዙ ቆዩና "ትንፋሽሽን ልቀቂው። እንዲህ ሆነሽ ከለካሁሽ ምሰፋው ለሌላ ሴት ነው" አሉኝ። ለቀቅኩት። አምስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለው። ከዛ ቁጭ በይ ብለው ቁጭ እንዳልኩም ለኩኝ፣ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ቆሜ ልክ የሆነው ጉርድ ስቀመጥ ይይዘኛልና። ከሁሉ በላይ ያተኮሩት ትከሻ ላይ ነው፣ የትከሻው ስፌት ልክ አጥንቱ ላይ ካረፈ ሌላው ሰፋ ቢልም ሰው ልብሱ የራሷ ነው ይላል፣ ትከሻው ወደ ክንድ ከወረደ ግን የምንም ያህል ብር ቢሆን የተዋሰችው ነው የሚመስለው ይላሉ። መጀመሪያ አላመንኳቸውም፣ አሁን መንገድ ላይ ሰው ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ትከሻ ላይ ነው፣ እውነታቸውን ነው። እኔን ያስረጀኝ የነበረው ቀለሙም ርዝመቱም አይደለም፣ የወረደ ትከሻና የሚንሸራተት ጨርቅ ነው።

የሰፉልኝ ቀሚስ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ይላል፣ እጅጌው እስከ ክንድ መታጠፊያ፣ ፊት ለፊት እስከታች ቁልፍ ያለው፣ ወገቡ ላይ ጥብቅ ያላለ፣ ሁለት ጥልቅ ኪስ ያለው። ኪሱን እኔ ነኝ የለመንኳቸው። የጨርቁና የስፌቱ ዋጋ ተደምሮ ከዛ ከቴሌግራሙ ቀሚስ አነሰ።

ቀለሙ ላይ ግን ተቸግሬ ነበር። ከጥቁር ወጥቶ ወዲያው ደማቅ መልበስ አልሆንልኝ አለ፣ ሰውም ይናገራል፣ በዚ ዕድሜዋ ምን ሆነች ይላል ብዬ ፈራሁ። እትዬ ሶስት አራት ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አወጡኝና መስታወት አስይዘው አንድ ባንድ አገጬ ስር አደረጉልኝ። ግራጫው ፊቴን አመድ አስመሰለው፣ ጥቁር አረንጓዴው ግን ዓይኔን አበራው፣ ልዩነቱ ይታያል። የሱቅ መብራት ስር የተመረጠ ቀለም ያታልላል፣ በተለይ ያ ነጩ ረጅም አምፖል፣ እና አሁን ጨርቅ ስገዛ ባለሱቁን አስፈቅጄ ደጅ ይዤው እወጣለሁ። አረንጓዴውን ለብሼ የእድር ስብሰባ ስሄድ አንዲት የእናቴ ጓደኛ እጄን ያዝ አድርገው "እሰይ፣ እሷም እንዲህ ስትሆኚ ነው የምትወድ" አሉኝ።

ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ማገላበጥም ተምሬያለሁ፣ ሹራብና ኮት ከዛ ነው ማገኘው። በማለዳ እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ ትከሻውን አያለሁ ምክንያቱም ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ትከሻ ግን ልብሱን ፈቶ እንደገና መስፋት ነው። ከዛ ገልብጬ ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ መኖሩን አያለሁ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከተረፈ ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። ከፊት የሚቆለፍ ስስ ሹራብ ካገኘሁ ሳልከራከር አላልፈውም፣ የጎንደር ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ በመሃል የኔ ሙቀት አለ፣ ስለዚ አንድ ወፍራም ነገር ከመልበስ ሁለት ሶስት ስስ ነገር ደራርቦ እንደ አየሩ ማውለቁ ነው የሚያዋጣው።

ስለ ጡት መያዣ መናገር ያሳፍራል ግን እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ከተገዛው ልብስ ሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣልኝ እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሻጯ ያነሳችልኝን ነበር ምገዛው። አለካኩ ቀላል ነው፣ ከጡት ስር ዙሪያውን ሜትሩን ጠበቅ አድርጎ፣ ከዛ ጡቱ ሞላ ያለበት ላይ ላላ አድርጎ። የኔ ከስር 85 ከላይ 102 ሆነ፣ ልዩነቱ 17 ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ከሆነ ኤ፣ ከ14 እስከ 16 ቢ፣ ከ16 እስከ 18 ሲ ነው የሚባለው፣ ስለዚ የኔ 85 ሲ ነው፣ በእንግሊዙ 38 ሲ ማለት ነው። ሁልጊዜ ስገዛ የነበረው ከስር ሰፊ ከላይ ጠባብ ነበር፣ ትከሻዬ ላይ ማንጠልጠያው ቦይ አውጥቶ ነበር። ልኬን ሳደርግ ያው የድሮ ሸሚዜ በአዲስ መልክ ተቀመጠልኝ።

ጥምቀት ሲደርስ ሰው ሁሉ ከሽሮ ሜዳ የመጣ አዲስ የሀበሻ ቀሚስ ሲገዛ እኔ የእናቴን አወጣሁ። የድሮ ፈትል ነው፣ ከአንገቱ ጀምሮ ደረቱ ላይ የሚወርድ፣ ጫፉ መስቀል የሆነ ጥልፍ አለው። እናቴ ቀጭን ነበረች፣ እኔን ደረቱ አልሞላኝም አለ። እትዬ ጋ ወስጄ ሁለቱን ጎን በአዲስ ፈትል ያስፉልኝ ስል እራሳቸውን ነቀነቁ፣ የቀሚሱ ነጭ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ክሬም ሄዷል፣ አዲስ ነጭ ከጎኑ ቢገባ እንደ ፋሻ ይታያል አሉኝ። ከዛ ያረጀ ነጠላዋ የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነበር። ጥለቱ ያለቀ፣ መሃሉ ግን ደህና የሆነ፣ ከቀሚሱ ጋር አብሮ የከረመ ነጠላ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የጎኑን ስፌት በምላጭ ክር በክር ሲፈቱት አየሁ፣ ጥልፉን አንዴም ሳይነኩ፣ ከነጠላው ሁለት ረጃጅም ቁራጭ ወስደው ከብብት እስከ ታች አስገቡበት። ሲተኮስ የት ጋ እንደተቀጠለ ፈልጌ በጣቴ ነው ያገኘሁት።

ጥር 10 ለከተራ ታቦቱን አጅበን ፋሲለደስ ወረድን። ማታ ይበርዳል፣ ከስር ስስ ጥጥ ለብሻለሁ፣ ከላይ ጋቢ፣ እግሬ ላይ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጌ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ቁልቁለት በተረከዝ መሄድ ትቻለሁ። ልጄ ጎን ጎኔን ስትሄድ መስቀሉን ነካ ነካ አድርጋ እማዬ ይሄ ወደፊት የኔ ነው አለችኝ።

አሁን ለክረምት ኮት እያሰፋሁ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ገበር ያለው፣ ከነጠላ በላይ እንዲለበስ እጅጌው ሰፋ ያለ። ጨርቁን ደጅ አውጥቼ አይቼዋለሁ፣ ክሩንም አቃጥያለሁ። ቅዳሜ ትከሻውን ሊለኩኝ ቀጥረውኛል።