ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሳዞር

በ2013 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። እናቴ የምታያቸው ቻናሎች ከናይልሳት አንድ በአንድ ጠፉ። ወደ ኢትዮሳት ሄደዋል ተባለ። ዲሽ የሚሠራልን ልጅ "ነገ እመጣለሁ" ካለ ሦስት ቀን ሆነው። አልፈርድበትም፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ዲሽ ያስዞር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ተውሼ ራሴ ጣራ ላይ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ብሎኖቹን ሁሉ መፍታት ነበር። ትልቁ ጥፋቴም እሱ ነው። ዲሹ የድሮው ሲግናል ላይ ቆሞ ሳለ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግኩም። እስከ ማታ ሳሽከረክር ዋልኩ። አዲሱን አላገኘሁም፣ አሮጌውም ጠፋ። እናቴ ከታች ሆና "ተው ልጄ ውረድ፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ይቅርብኝ" ትለኛለች። ይቅርብኝ ስትል ግን እንደማይቀርባት አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ቤት ስትሆን የሚያጫውታት እሱ ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው ያለው። ኢትዮሳት የተጫነበት ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነበር። ሁለቱም ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው የቆሙት። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት በፀሐይ መጥለቂያ በኩል ነው፤ ከፍታው፣ ከአድማስ ወደ ላይ ሲለካ፣ 37 ዲግሪ ገደማ። ኢትዮሳት በምሥራቅና በደቡብ መሃል ነው። ከሰሜን በቀኝ በኩል ሲቆጠር 115 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ ከፍታው 66። ነገሩ የገባኝ ይሄኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ዲሹን ወደ ጎን ብቻ ሳዞር ነበር የዋልኩት። ከፍታውን አልነካሁትም። በዚያ ከፍታ ዓመት ባዞረው አላገኘውም ነበር።

እሁድ ጠዋት ቀድሜ ምሰሶውን አየሁ። ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሬ እንደ ቱንቢ አንጠለጠልኩ። ምሰሶው ወደ መንገዱ ዘንበል ብሏል። ምሰሶ ከዘመመ ዲሹን ወደ ጎን ባዞርክ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይቀየራል፤ የለካኸው ሁሉ ይፋለስብሃል። ሥሩ ላይ እንጨት ሸጉጬ አቀናሁት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

ከፍታው ላይ ችግር ነበረብኝ። የዲሹ ጀርባ ላይ ያለው የዲግሪ ምልክት በዝገት ጠፍቷል። ደግሞ እንደኛ ዓይነቱ ዲሽ፣ ኤልኤንቢው (ሲግናሉን የሚቀበለው ጭንቅላት) ከታች በክንድ የወጣለት፣ ፊቱ ያዘነበለበትና የሚያይበት አንድ አይደለም። ፊቱ ዝቅ ያለ ሲመስል እሱ ግን ከዚያ በላይ ነው የሚያየው። በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ አላውቅም ነበር። መፍትሔው ጎረቤት ተገኘ። የእትዬ ዲሽ ከኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ገና ናይልሳት ላይ ነው። አስፈቅጄያቸው የእህቴን ልጅ ፕሮትራክተር ይዤ ሄድኩ። መሃሉ ላይ ክር አስሬ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ አንጠልጥዬ የዲሹ ፊት ላይ አስደገፍኩት። ዳዶው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቅኩ። ፊቱ ቀጥ ብሎ ከመቆም ወደ ኋላ 13 ዲግሪ ጋደል ብሏል። ከ37 ወደ 66 ለመድረስ 29 ያስፈልጋል። ስለዚህ የኔ ዲሽ 42 ላይ ጋደል ማለት አለበት። በቃ፣ ሌላ ስሌት አላስፈለገኝም።

አቅጣጫውን በስልኬ ኮምፓስ ሞክሬው ነበር። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ግን መርፌው ይዋልላል፤ አይታመንም። ደግነቱ ገና ሰሞን ነው። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው 113 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከምፈልገው በሁለት ዲግሪ ብቻ ትለያለች። እኛ ካለንበት ከኮልፌ ሲታይ የረር ተራራ ባለበት በኩል መሆኑ ነው። ጠዋት ስትወጣ አይቼ ግንቡ ላይ በኖራ አስምሬ ነበር። የዲሹን ክንድ በዚያ መስመር አስተካከልኩት።

አሁንም ሲግናል የለም። የእህቴ ልጅ ቴሌቪዥኑ ጋ ሆና በስልክ ትነግረኛለች። "ጋሼ፣ ስትሬንግዙ 70 ነው፣ ኳሊቲው ዜሮ!" ስትሬንግዝ ኬብሉና ኤልኤንቢው ደህና መሆናቸውን ነው የሚነግርህ። ሳተላይቱን ስለማግኘትህ የሚነግርህ ኳሊቲው ነው። ወርጄ ሪሲቨሩን አየሁ። ለካ ፍሪኩዌንሲውን 11105 ሆሪዞንታል ብዬ ሳስገባ ሲምቦል ሬቱን፣ ማለትም የሲግናሉን ፍጥነት፣ ረስቼዋለሁ። በናይልሳቱ 27500 ላይ እንደተቀመጠ ነው። ያኔ የኢትዮሳቱ 45000 ነበር። ሳተላይቱ ፊት ለፊቴ ቆሞ እንኳ ሪሲቨሩ ሊያውቀው አይችልም ነበር ማለት ነው።

አስተካክዬ ተመልሼ ወጣሁ። የ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው ሁለት ዲግሪ የምታህል ቀዳዳ ነው። ከፍ ብሎ ላለ ሳተላይት የጎን ስህተት ብዙም አይጎዳም፤ የከፍታዋ ስህተት ናት ጉዷን የምታሳየው። ስለዚህ ዲሹን በጣት ስፋት ከፍ አድርጌ እቆማለሁ። አምስት እቆጥራለሁ፤ ሪሲቨሩ ቶሎ አይናገርም። ከዚያ ዝቅ። አምስት እቆጥራለሁ። ሦስተኛው ላይ "22!" ብላ ጮኸች። "ጋሼ እንዳትነካው! 31! 34!"

34 ላይ ምስሉ ይቆራረጣል። ቀሪው ሥራ ኤልኤንቢው ነበር። ማቀፊያውን አላልቼ በእጄ ቀስ እያልኩ ጠመዘዝኩት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ይህ ጥምዘዛ እዚህ ትልቅ ነው። ለናይልሳት የተስተካከለው ለኢትዮሳት አይሆንም። አርባ ዲግሪ ገደማ ሳዞረው ቁጥሩ እየወጣ 71 ገባ። ብሎኖቹን በ13 ቁጥር ኪያቤ ሳጠብቅ ደግሞ ወደ 60 ወረደ። አንዱን ጥርቅም አድርጎ ማጥበቅ ዲሹን ይጎትተዋል። ግራና ቀኙን ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ሳጠብቅ ተመለሰ። ኮኔክተሩን በናስትሮ ጠቅልዬ፣ ዲሹም ምሰሶውም ላይ በቀለም መስመር አሰመርኩ። ክረምት ነፋስ ቢያነቃንቀው መስመሩን አይቼ እመልሰዋለሁ።

ስወርድ እናቴ ቡና አቅርባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። "እትዬም ጠርተውሃል" አለችኝ። የሳቸውን ዲሽ ስናዞር ገና ብሎን ሳይፈታ ምልክት አደረግን። ፕሮትራክተሩን የያዘችው የእህቴ ልጅ ናት። አርባ ደቂቃ አልሞላንም።