ውኃው ሳይገባ

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ጥር 9 ማታ ነው፤ ነገ ከተራ። እናቴ ቤት ነኝ። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ እሳት ላይ ነው። ቤቱ ሁሉ ኮባ ኮባ ይሸታል። ከማዶ የሰፈሩ ልጆች ከበሮ ይለማመዳሉ፤ አንዱ ምቱን ደጋግሞ ይስታል፤ ሌሎቹ ይስቁበታል። እህቴ ነጠላዬን እየተኮሰች «ዘንድሮም ታቦቱን በስልክህ ውስጥ ነው የምታየው?» ትለኛለች። ልክ ናት። ዘንድሮ ስልኬን ለእሷ ሰጥቻት ነው የምወርደው። (ይህን ስታነብ እንደምታስታውሰኝ አውቃለሁ።)

በየዓመቱ በዚህ ቀን ስለ አንድ ጥንታዊ ቦታ ትንሽ ነገር እጽፍላችኋለሁ። አምና ከጎንደሩ ቤተ መንግሥት በመሬት ውስጥ ይሄዳል ስለሚባለው መንገድ ጽፌ ስንቶቻችሁ እንደተቆጣችሁኝ ትዝ ይለኛል። ዘንድሮ «የፋሲልን ግንብ ማን ሠራው?» ብዬ ልጽፍ ነበር። ጀምሬውም ነበር። ግን አባባ መሐል ገቡብኝ።

አባባ ዘመዴ አይደሉም። የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ነበሩ። ይቺን «ነበሩ» ገና አልለመድኳትም። በኅዳር አረፉ።

ግንበኛ ነበሩ። በልጅነታቸው ድንጋይ በመሸከም ጀመሩ፤ ኋላ የድሮ ግድግዳ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ገብተው የኖራን ሥራ ለመዱ። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ የፋሲል መዋኛን ወለል ከሚያጸዱት ጋር ይወርዱ ነበር። እኛ ያንን ቦታ የምናውቀው ሞልቶ ነው። ውኃ፣ ሻማ፣ እልልታ፣ ዘለው የሚገቡ ጎረምሶች። አባባ የሚያውቁት ባዶውን ነው።

ስለ ኖራ ሲያወሩ ስለ ምግብ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። የኖራ ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል። ከዚያ ውኃ ሲፈስበት ይፈላል፤ «እንደ ሽሮ ይንተከተካል» ይላሉ። ከዚያ ማረፍ አለበት። «ኖራ እንደ ሊጥ ነው፤ ካላረፈ አያምርም።» በአሸዋ ተቦክቶ ግድግዳ ላይ ሲገባ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ቀስ እያለ ይጠነክራል። ሲሚንቶን ግን አይወዱም ነበር። ወደው አልነበረም የጠሉት። በጣሊያን ጊዜ አንዳንዱ የግንብ ክፍል በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበርና ያንን መልሶ ማውጣት ምን ያህል መከራ እንደሆነ አይተዋል። ሲሚንቶ ግድግዳውን ያፍነዋል። በክረምት የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ሲሚንቶው እንደተገተረ ይቀራል፤ የሚፈረፈረው ጎኑ ያለው ድንጋይ ነው። «ጠጋኙ ቆሞ ታማሚው ሞተ» ብለው ይስቁ ነበር።

አንዴ ከእናንተው አንዱ የላከልኝን ቪዲዮ አሳየኋቸው። የጎንደርን ግንብ የሠሩት ግዙፋን ሰዎች ናቸው የሚል ነው፤ የሚያስፈራ ሙዚቃም አለው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ግዙፋን ከሆኑማ ደረጃውን እንዲህ ባላጠበቡት» አሉኝ።

እውነተኛው እንቆቅልሽ ግን ከዚያ ቪዲዮ ይበልጣል። እንዴት? ልጆች ሆነን «ፖርቹጋሎች ሠሩት» ሲባል ሰምተናል። ነገር ግን ፋሲል ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም ከፖርቹጋሎቹ ጋር የመጡትን የካቶሊክ ካህናት፣ ያባረረ ንጉሥ ነው። ከተማዋን የቆረቆረው በ1628 ዓ.ም. ነው፤ እነሱ ከተባረሩ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ1648 ሐሰን አል ሐይሚ የሚባል የየመን መልእክተኛ እዚህ ድረስ መጥቶ ቤተ መንግሥቱን አይቷል፤ የሠራው ሕንዳዊ ባለሙያ ነው ብሎም ጽፏል። በጊዜው የነበረ ሰው ምስክርነት ነውና እኔ ወደዚያ አደላለሁ። ደግሞ እንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ አለ፤ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። እሳቸው የነገሡት ከፋሲል ብዙ ዓሥርት ዓመታት ቀደም ብለው ነው። እና ግንብ በጎንደር አልተጀመረም። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቃጠሉት፣ ውኃ ያመላለሱት ያገር ልጆችስ? የአንዳቸውም ስም የለንም።

መዋኛው ራሱ ከዚህ አይተናነስም። በፋሲል ስም ይጠራ እንጂ የልጅ ልጁ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ሥራ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። አዘዞ ላይ፣ ገነተ ኢየሱስ፣ የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስም ኩሬና አትክልት ነበራቸው፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች አዘዞንና ሌሎች የኢየሱሳውያን ቦታዎችን ቆፍረው አጥንተዋል። ለአውሮፕላን አዘዞ ስትወርዱ በዚያ አጠገብ ነው የምታልፉት፤ ማን ዞር ብሎ ያያል!

ኢየሱሳውያኑ ከጠሏቸው ነገሮች አንዱ ጥምቀታችን ነበር። በየዓመቱ ዳግመኛ ትጠመቃላችሁ ብለው ይከሱን ነበር። በ1624 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ተመለሰ። ከዚያ በዚህች ከተማ ይህን የሚያህል ባሕረ ጥምቀት ተሠራ። መልስ ይሆን? የኔ ግምት ነው፤ ማስረጃ የለኝም። የነገሥታት መናፈሻ ነበር የሚሉም አሉ። ለአባባ ነገርኳቸው። «ለጥምቀት ነው። ሌላ ለምን ይሆናል?» ብለው ዘጉት። ከእሳቸው ጋር ክርክር እዚያ ላይ ያበቃል።

ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንዲሁ። በ1880 ዓ.ም.፣ ልክ በዚህ በጥምቀት ሰሞን፣ ደርቡሽ (የሱዳን ማህዲስቶች ጦር) ጎንደርን ሲያቃጥል ሥላሴን ንቦች አዳኑት ይባላል። ነገሩን በጥርጣሬ ልጀምረው ስል አቋረጡኝ። «ንቦቹን እንዳትነካ። ቅጥሩን ስንጠግን እኔ ራሴ ተነድፌያለሁ።» አሁን የምናየው ሕንፃ አራት ማዕዘን ሆኖ ሳለ የኢያሱ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ እንደነበር ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር። ለእሳቸው ይህ ምስጢር አልነበረም። መሠረቱን ያየ ሰው ያውቃል፣ በቃ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

አባባ ሦስት ዓመት ሙሉ «ና» ብለውኛል። «ውኃው ሳይገባ ና፤ ወለሉ ላይ ቆመን ግድግዳውን አነብልሃለሁ።» ማንበብ ነው ያሉት። ይሄ የጥንቱ፣ ይሄ የጣሊያን፣ ይሄ ከዚያ ወዲህ፣ ይቺ ደግሞ የኔ። በእጃቸው የደፈኗት አንዲት ቦታ አለች። የት እንደሆነች ከዋርካው ሥር አንጻር ነግረውኛል፤ ግን እዚያ ዋርካ አንድ ነው እንዴ? ሥሩ ግንቡን ሁሉ አቅፎ ይዞታል።

በመጀመሪያው ዓመት ሥራ በዛብኝ። በሁለተኛው መንገዱ ተዘግቶ አዲስ አበባ ቀረሁ፤ የዚያን ጊዜ ነገር ታውቁታላችሁ። በሦስተኛው፣ ማለትም አምና፣ መጣሁ። ግን የመጣሁት በከተራ ዋዜማ ነው። ውኃው ገብቷል። ግንቡን ተደግፈን ቁልቁል አየን። «አሁንማ ዓሣውን ጠይቅ» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ለዘንድሮ ተቃጠርን።

በኅዳር እናቴ ደወለች። በሣልስቱ ደረስኩ።

ስለዚህ የዘንድሮ ምስጋናዬ ለእነዚህ ሰዎች ነው።

የአባባ ባለቤት፣ እትዬ፣ ቱንቢያቸውን፣ ግድግዳ የሚያቀኑበትን ባለ ክር ክብደት፣ ሰጥተውኛል። ክሩ የእሳቸው እጅ ያለሰለሰው ነው። «ከኔ ጋ ምን ይሠራል? ሽንኩርት አላስተካክልበት» ብለው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቡና ደገሙልኝ።

ዲያቆኑ ወዳጄ፣ ማኅበር ላይ የቀረጽካትን ድምፅ በቴሌግራም ስለላክልኝ አመሰግንሃለሁ። አራት ደቂቃ ናት። ግማሹ ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። ቀሪው ስለ ኖራ። የጤፉንም አላጠፋሁትም።

የባጃጁ ልጅ፣ የቀብር ቀን እናቴንና ጓደኞቿን ሦስት ጊዜ አመላልሰህ ብር አልቀበልም ያልከው፣ ዛሬ ድፎ ይጠብቅሃል። ሳትበላ እንዳታልፍ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሽ እህታችን ባለፈው ሳምንት የዕረፍት ቀኗን ሰውታ ካሜራ ይዛ መጣች። አሁንም ዘገየን፤ ወለሉ ረጥቦ ነበር። ግን ከውጭ በኩል ያለውን ግንብ ክንድ በክንድ አነሣችው። እኔ መለኪያውን እይዛለሁ፣ እሷ ትቆጥራለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜ አላማረረችም። እኔ አማርሬያለሁ።

የሥላሴው አስጎብኚ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን ኪሩቤል አብረን የቆጠርነው። አንተ አንድ ቁጥር ትላለህ፣ እኔ ሁለቴ ቆጥሬ ሁለት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። በነዚህ የጭንቅ ዓመታት ቱሪስት ሳይመጣ ደጁ ላይ መቀመጥህን አላቋረጥክም። እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዳው ይመለስልህ።

ምኞትም አለኝ። በረዶ ላይ ቆማችሁ በስልክ ለምታዩን፣ ሎሚው እዚያም ይድረሳችሁ። መንገድ ዘግቶባችሁ ለቀራችሁ፣ የከርሞ ሰው ይበለን። ላሊበላ ገናን አክብራችሁ ለምትመጡ፣ እግረ መንገዳችሁን ያንን የአፈር ክምር ልብ በሉት። «ከዓለቱ የተፈለፈለው ድንጋይ የት ገባ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ የነበራችሁ፣ ያጠኑት ሰዎች እዚያው አጠገብ ተደፍቶ አግኝተውታል። የመላእክቱን ነገር ከአያቶቻችሁ ጋር ጨርሱት፤ እኔ አልገባበትም።

የግዙፋኑን ቪዲዮ ለላክልኝ ወንድሜ ደግሞ አንድ ምኞት። አያትህ ግንበኛ እንደነበሩ አንዴ ጽፈህልኝ ነበር። በሕይወት አሉ ብለሃል። በዓሉን እሳቸው ጋ አሳልፍ። ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ሂድ።

ውኃው ከቃና ዘገሊላ በኋላ ይወርዳል። ልጅቷና እኔ ዘበኞቹን አስፈቅደን ልንገባ ነው፤ እሷ ካሜራዋን፣ እኔ ቱንቢውን። የአባባን እጅ እንፈልጋለን። እናገኛታለን አልልም፤ ከዋርካው ሥር በስተቀር ምልክት የለኝም። ልትመጡ የምትፈልጉ ካላችሁ ቀኑን እጽፍላችኋለሁ። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። ከውኃው በኋላ ወለሉ ክፉ ነው ይሉ ነበር።